መልስ፦ ሩቢዲየም ይሻላል ወይስ በጂፒኤስ የሚታረም ኳርትዝ?

ሰላም ወንድሜ። የፍሪኩዌንሲ ቆጣሪህን (ሞገድ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም የሚቆጥረውን መሣሪያ) ለማረም፣ ያገለገለ ሩቢዲየም (በሩቢዲየም አቶሞች የሚሠራ ሰዓት) ልግዛ ወይስ በጂፒኤስ ሳተላይቶች ምልክት የሚታረም ኳርትዝ (በክሪስታል ንዝረት የሚሠራ ሰዓት) ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ብሆን በጂፒኤሱ እጀምራለሁ።

ሴኮንድ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምትለካው በሲዚየም አቶም ነው፤ አንድ ሴኮንድ ማለት አቶሙ የሚያወጣው ጨረር 9,192,631,770 ዑደት ነው። ሩቢዲየም ግን ዕድሜው በገፋ ቁጥር ቀስ እያለ ይንሸራተታል። እሱ ራሱ የሚያርመው ይፈልጋል። ጂፒኤሱ ደግሞ ሳተላይቶቹ ላይ ካሉት አቶሚክ ሰዓቶች ጋር ያገናኝሃል። ብቻ አንቴናውን ጣሪያ ላይ ስቀለው። መስኮት ላይ ካስቀመጥከው ግማሹን ሰማይ ታጣለህ።

ሩቢዲየሙን በኋላ ስትገዛ ወፍራም የአሉሚኒየም ሳህን ላይ እሰረው። የኔን መጀመሪያ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ነበር ያበራሁት፤ ትንሽ ቆይቶ እጅ አላስነካ አለ። ሙቀት ዕድሜውን ይበላዋል።

ደግሞ ይሄ ሥራ ምን ያህል ደስ እንደሚል ለማየት የአሜሪካዊውን የሰዓት አፍቃሪ የቶም ቫን ባክን ሙከራ አንብብ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ልጆቹንና ሦስት የሲዚየም ሰዓቶች በቤተሰብ መኪና ጭኖ አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ያለው ሬኒየር ተራራ ላይ ወጣ። ቅዳሜና እሁድን እዚያው ከርመው ሲመለሱ ሰዓቶቹ ቤት ከቀሩት በ22 ናኖሴኮንድ ገደማ ቀድመው ተገኙ። አንስታይን እንዳለው፣ ከፍታ ላይ ጊዜ ይፈጥናል!