ጦርነቱ አብቅቷል፣ ወንድሜ ግን ሌሊት ይወጣል

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

ታላቅ ወንድሜ ወታደር ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ተሰናብቶ እኔና እማዬ ጋ መጣ። ሥራ ፈለገ፣ አጣ። ከዚያ የድሮ ጓዶቹ ይመላለሱ ጀመር። አሁን ማታ ወጥቶ ሊነጋ ሲል ይገባል። ሽጉጥ አለው። ለእማዬ ብዙ ገንዘብ ይሰጣታል። ከየት አመጣኸው ስለው፣ «ደሜን ሳፈስ ማን ጠየቀኝ?» ይለኛል። በቀደም አንድ ሰው ተዘርፎ መቁሰሉን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልጠቁመው? ወንድሜ ነው። ዝም ልበል? የቆሰለውም የሰው ልጅ ነው።

ጭንቅ የያዛት እህት

መልስ

እህቴ፣ ዝም አትበይ። ዝምታሽ እሱንም አያድነውም። እንዲህ የሚውል ሰው አንድ ቀን ይገድላል ወይም ይገደላል።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1360 እንግሊዝና ፈረንሳይ ብሬቲኒ በተባለች የፈረንሳይ መንደር ሲታረቁ፣ ደመወዝ የቀረባቸው ወታደሮች ተደራጅተው የፈረንሳይን መንደሮች ዘረፉ። አብረው የተዋጉት ናቸው አብረው የዘረፉት። የወንድምሽንም ነገር የማየው እንዲሁ ነው። ከሥራው በላይ ያጣው የሚያውቁትንና የሚያከብሩትን ሰዎች ነው፤ እነሱን ያገኘው ደግሞ ጓዶቹ ጋ ብቻ ነው። ሞዛምቢክ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1992ቱ ሰላም በኋላ የተሰናበቱ ወታደሮች ለሁለት ዓመት ያህል ክፍያ ያገኙ ነበር፤ የሚቀበሉትም በሰፈሩበት አካባቢ ነው። ይህ ከጦር ጓዶቻቸው እንዲራራቁ ረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ቡፋሎ ከተማ የተከፈተው የቀድሞ ወታደሮች ችሎት ደግሞ ለተከሳሹ ሌላ የቀድሞ ወታደር መካሪ ይመድባል። ብዙ አገር ይህ የለም። ሰውን አዋግቶ በወረቀት መሸኘት በጣም ያናድደኛል። ቢሆንም ያ የቆሰለው ሰው ወንድምሽን አልበደለውም።

ስለዚህ የሚያከብረውን፣ በሰላም የሚኖር የቀድሞ ወታደር ፈልጊ። አለቃው የነበረ ቢሆን ይመረጣል። ጠዋት፣ ወንድምሽ ሳይጠጣ፣ ጓዶቹ በሌሉበት ያናግረው። ጠበቃ ይዞ በገዛ ፈቃዱ እጁን ይስጥ፤ ብዙ ፍርድ ቤቶች ይህን ቅጣት ማቅለያ አድርገው ያዩታል። እማዬ ገንዘቡን አትቀበል፤ የተዘረፈ መሆኑን እያወቁ መቀበል ራሱ ያስከስሳል። ሽጉጡን አንቺ አትንኪው።

እምቢ ካለ፣ ወይም ሊወጡ መሆኑን ከሰማሽ፣ አዎ፣ ጠቁሚ። ስትጠቁሚ መታጠቁንና ወታደር እንደነበረ ለፖሊስ ንገሪ። ብቻውን የሚሆንበትንም ሰዓት ንገሪያቸው፤ ተኩስ ሳይከፈት እንዲይዙት።