ፊዚክሱ ነው የከበደኝ ወይስ ሒሳቡ? ጥያቄና መልስ ከሒሳብ መምህር ጋር

የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ተማሪዎችም ወላጆችም የሳይንስና የሒሳብ ጥያቄያችሁን ጣሉ፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ 11ኛ ክፍል ነኝ። የፊዚክስ ፎርሙላ ሁሉ በቃሌ ነው፤ ጥያቄ ሲመጣ ግን ይጠፋብኛል።

መልስ፦ ለጊዜው ፎርሙላውን ተወው። ድንጋይ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ወደ ላይ ተወረወረ እንበል። የመሬት ስበት በየሰከንዱ 10 ያህል ስለሚቀንስበት በ2 ሰከንድ ይቆማል። ከ20 ተነስቶ ዜሮ ስለገባ አማካይ ፍጥነቱ 10 ነው፤ በ2 ሰከንድ 20 ሜትር ወጣ ማለት ነው። አሁን ይህንኑ በፎርሙላው ሥራው። 20 ካልመጣልህ የሳትከው ፊዚክሱን ሳይሆን የፕላስና የማይነስ ምልክቱን ነው። እኔ የማርማቸው አብዛኞቹ የፊዚክስ ስህተቶች እንዲህ ያሉ የአልጀብራ ስህተቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ሒሳብ ቢከብደኝ 12ኛ ደርሼ የ9ኛን የሒሳብ መጽሐፍ ልግለጥ? ያሳፍራል እኮ።

መልስ፦ ማን አየሽ? (3+4)² ስንት ነው? 9 እና 16 ደምረሽ 25 ካልሽ ዛሬውኑ ግለጪው፤ መልሱ 49 ነው። ሁሉንም ምዕራፍ አይደለም የምልሽ። ክፍልፋይ፣ ኤክስፖነንት፣ እኩልታና ሬሾ ይበቃሉ።

ጥያቄ፦ ኬሚስትሪ ላይ ሞል የሚባለው ነገር ጭራሽ አልገባኝም።

መልስ፦ ሱቅ ሄደህ የግማሽ ኪሎ ስኳር ሒሳብ የምታሰላ ከሆነ ሞል ይገባሃል። ሞል የቁስ መጠን መለኪያ ነው፤ 18 ግራም ውኃ 1 ሞል ነው፣ 36 ግራም 2፣ 9 ግራም ደግሞ ግማሽ። ሬሾ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ጥያቄ፦ ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። በአማርኛ ስጠይቃት ትመልሳለች፣ ፈተና ላይ ግን ትወድቃለች። አስጠኚ ልቅጠርላት?

መልስ፦ እናቴ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ይህን ይሞክሩ። በአማርኛ ያስረዳችዎትን በራሷ እንግሊዝኛ በሦስት አረፍተ ነገር ትጻፈው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥያቄውን ማንበብ ያቃተው ልጅ ሒሳቡን ቢያውቅም አይጠቅመውም። አስጠኚ ከቀጠሩም የቤት ሥራዋን የሚሠራላት እንዳይሆን።

ጥያቄ፦ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ብቻ ብሸመድድስ?

መልስ፦ አያዋጣም። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ። የቆዩ ፈተናዎች ሰዓት ይዞ ራስን ለመመዘን ጥሩ ናቸው፤ መማሪያ ግን አይሆኑም።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን ላብራቶሪው ተቆልፎ ነው የሚውለው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ቁልፉን ጠይቁ፣ እስኪከፈት ግን አትጠብቁ። 1 ሜትር ክር ላይ ድንጋይ አስራችሁ በትንሹ አወዛውዙት። አሥር ጊዜ ደርሶ ሲመለስ በስልካችሁ ሰዓት 20 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ክሩን 25 ሳንቲሜትር አድርጉት፤ ጊዜው ወደ 10 ሰከንድ ይወርዳል። ጊዜው በግማሽ እንዲቀንስ ርዝመቱ ለምን ሩብ መሆን እንዳስፈለገው ፈልጉና ጻፉልኝ።