ደሴቷ የት ሄደች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምኖረው ኔዘርላንድስ፣ ሌሊስታድ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ኡርክ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ሄጄ ነበር። ሰዎቹ «ደሴታችን» ይላሉ። እኛ ግን የገባነው በመኪና፣ በድንች ማሳ መሐል ነው! ጀልባዎቹ ላይ ደግሞ «ዩኬ» የሚል ተጽፏል። ልጄ የእንግሊዝ ናቸው ብሎ ድርቅ አለ። እባክዎ ያስታርቁን።
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ በልጅሽ አትፍረጂበት። እኔም መጀመሪያ ቀን ያልኩት እሱን ነው። በዚያ አገር እያንዳንዱ የዓሣ ወደብ የራሱ መለያ ፊደል አለው። ኡርክ የስሟን የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደል ወሰደች፤ ሲነበብ «ዩኬ» ሆነ። በቃ፣ ይኸው ነው።

የደሴቷ ነገር ግን ረዘም ይላል። ካምፐን የምትባል ከተማ ስኖር ጎረቤቴ የኡርክ ተወላጅ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን «ኡርክ ውስጥ» ብል አረሙኝ። «ኡርክ ላይ ነው የሚባለው» አሉኝ። ደሴት ላይ ነዋ የሚኖረው!

እውነትም ደሴት ነበረች። ዙሪያዋ ዛውደርዜ የሚባል ጨዋማ ባሕር ነበር። በ1916 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ጥር ላይ ማዕበል የባሕሩን ዳርቻ አጥለቀለቀው። በ1918 መንግሥት ባሕሩን ለመዝጋት ሕግ አወጣ። ዕቅዱ የኢንጂነር ኮርኔሊስ ሌሊ ነበር። የአንቺ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከእሳቸው ነው። በ1932 ግንቦት 28 ቀን የባሕሩን አፍ የሚዘጋው 32 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ግድብ ተገጠመ።

ከዚያማ ባሕሩ ሐይቅ ሆነ። የወንዝ ውኃ እየገባ ጨዉን አጠበው። ዕንቁላል ለመጣል ከሰሜን ባሕር ይገቡ የነበሩት ሄሪንግና አንቾቪ የሚባሉት ዓሦች መንገዱ ተዘጋባቸው። የቀረው በዋናነት እባብ የሚመስለው ዓሣ ነው። ጎረቤቴ በጭስ የበሰለውን አምጥተውልኝ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ አልቀመስኩትም።

በ1939 ኡርክ በግድብ የብስ ላይ ካለችው ከለመር ከተማ ጋር ተያያዘች፤ ደሴትነቷ አበቃ። በ1942 ደግሞ በምሥራቅ በኩል ያለው ውኃ ተመጥጦ መሬት ሆነ። ያየሽው የድንች ማሳ የባሕር ወለል ነበር። እዚያ ላይ ከሌላ አካባቢ ተመርጠው የመጡ ገበሬዎች ሰፈሩ።

እኔን የሚገርመኝ እዚህ ጋ ነው። ባሕራቸው ተወስዶ፣ ከደጃቸው ማሳ ተዘርግቶ፣ ሰዎቹ ማጥመዱን አልተዉም። ትልልቅ ጀልባ ገዝተው ሰሜን ባሕር ድረስ ወጡ። ዛሬ ብዙዎቹ ጀልባዎች ዓሣቸውን የሚያራግፉት ከግድቡ ውጭ ባለው በሃርሊንገን ወደብ ነው። ዓሣው ግን በካሚዮን ተጭኖ ኡርክ ይመጣል፤ ጨረታው እዚያ ነው። አስቢው፣ ዓሣ በአስፋልት ሲገባ!

ርቆ መሄዱ ግን አስከፍሏል። በሚቀጥለው ስትሄጂ ከወደቡ ከፍ ብሎ የቆመውን የሴትዮዋን ሐውልት እዪ። ፊቷን ወደ ውኃው መልሳ ታያለች። አጠገቧ ባሕር ላይ የቀሩት ሰዎች ስምና ዕድሜ ተጽፏል። አንዱን የቤተሰብ ስም ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ታገኚዋለሽ። ለልጆቹ ዕድሜውን አታንብቢላቸው፤ ገና ልጅ የነበሩም አሉበት።

እሑድ ግን እንዳትሄጂ። አጥባቂ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው።