ሁለታችሁ ቻይናን ልታዩ ከሆነ መጀመሪያ ፓስፖርቶቻችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡ

ቻይና ውስጥ ባቡሩም ሙዚየሙም ሆቴሉም፣ የቲያንአንመን አደባባይ ሳይቀር፣ በፓስፖርት ቁጥር ነው የሚያስገባው። ስለዚህ ጉዞው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገና ቤታችሁ ሳላችሁ ነው። ከባልና ሚስቱ አንዱ የአሜሪካ፣ ሌላው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዘ ደግሞ አንድ ጉዞ ሁለት ዓይነት ሕግ አለው ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። የሚጠይቀውም በሕጋዊነት በሚኖርበት አገር ባለው የቻይና ኤምባሲ ወይም የቪዛ ማዕከል ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ በቂ ጊዜ የቀረው ይሁን። ሳዑዲ ያላችሁ የመውጫና መመለሻ ቪዛችሁን ሳትይዙ የቻይናውን አትጀምሩ። ሆንግ ኮንግ ደርሶ መመለስ ከቻይና ወጥቶ እንደመግባት ስለሚቆጠር አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ እዚያ ላይ ያልቃል። ሁለት መግቢያ ያለው ቪዛ ጠይቁ፣ ወይም ሆንግ ኮንግን ተዉት።

የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘው ያለ ቪዛ 240 ሰዓት መቆየት ይችላል፤ ግን ይህ የመሸጋገሪያ ፈቃድ ነው። ከአንድ አገር መጥቶ ወደ ሌላ አገር መውጣት ግዴታ ነው። የእኛ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ ከዋሽንግተን ተነስቶ በአዲስ አበባ አልፎ ቤጂንግ ይገባል፣ ከሻንጋይ ደግሞ ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ቲኬት ይቆርጣል። መነሻው ዋሽንግተን ቢሆንም ለቻይና የሚታየው ከኢትዮጵያ መጥቶ ወደ ኢትዮጵያ መሄዱ ነው፤ አይሠራም። መውጫችሁን በሆንግ ኮንግ፣ በሴኡል ወይም በባንኮክ ካደረጋችሁት ይሠራል፤ ሆንግ ኮንግ ለዚህ ሕግ እንደ ሦስተኛ አገር ይቆጠራል። ሰዓቱ የሚጀምረው በገባችሁ ማግስት ከሌሊቱ 6 ሰዓት (00:00) ነው። ኤርፖርት ላይ የምትመዘግባችሁ የአየር መንገዱ ሠራተኛ የመውጫውን ቲኬት አይታ ካላመነች ገና ከመነሻችሁ አታሳፍራችሁም፤ በወረቀት አትማችሁ ያዙ። የጀርመን፣ የፈረንሳይና የጣልያን ፓስፖርት ያላቸው ለ30 ቀን ያለ ቪዛ ስለሚገቡ ይህ ጣጣ የለባቸውም። ዝርዝሩ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣልና ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ኤምባሲውን ጠይቁ።

የስም ነገር ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አንድ ቦታ የአያትን ስም አስገብታችሁ ሌላ ቦታ ብትተዉት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆናችሁ ማለት ነው። በፓስፖርቱ ፎቶ ገጽ ግርጌ ያሉት ሁለት የማሽን መስመሮች ላይ እንዳለው፣ በዚያው ቅደም ተከተል ጻፉ። ቦታ ካስያዛችሁ በኋላ ፓስፖርት ካደሳችሁ ቁጥሩ ስለሚቀየር ሁሉንም አስተካክሉ። የባልና ሚስት የአባት ስም አለመመሳሰሉ ግን አያሳስብ፤ ሆቴሉ የሚመዘግበው እያንዳንዱን ፓስፖርት ለየብቻ ነው። ዘመድ ቤት የምታርፉ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ መመዝገብ የእናንተ ግዴታ ነው።

ጊዜ ስትመርጡ፣ ከመስቀል በኋላ ፈቃድ የመውሰድ ልማድ እዚህ ይጎዳል። ከጥቅምት 1 እስከ 7 (በፈረንጆቹ) ብሔራዊ በዓል ነው፤ በእኛ መስከረም 21 አካባቢ ይጀምራል። አገሩ በሙሉ ይንቀሳቀሳል፣ የባቡር ቲኬት በደቂቃዎች ያልቃል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር ግን ምርጡ ወቅት ነው።

ቤጂንግ 4 ሌሊት፣ ሺአን 2 ወይም 3፣ ሻንጋይ 2፤ በ240 ሰዓት ውስጥ ይሄ ይበቃል። አራተኛ ከተማ የሚጨምር ሰው ባቡር ጣቢያ ነው የሚጎበኘው።

ቤጂንግ ያለው የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት፣ የተከለከለችው ከተማ፣ ቲኬት የሚለቀቀው ከ7 ቀን በፊት በቤጂንግ ሰዓት 20:00 ላይ ነው። ይህ በአዲስ አበባና በሪያድ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በዋሽንግተን በበጋቸው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ሰኞ ዝግ ነው። ዋጋው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት (በፈረንጆቹ) 60 ዩዋን፣ በቀሪው ጊዜ 40 ነው። መግቢያው በደቡብ ብቻ፣ በዉመን በር ነው፤ ሰሜን በር ላይ ታክሲ አውርዷችሁ ከሆነ ግቢውን በሙሉ መዞር ነው። የቲያንአንመን አደባባይ ለብቻው ቅድመ ምዝገባ አለው፤ እሱን ካላገኛችሁ በምሥራቅ በኩል ከዶንግኋመን አካባቢ ተነስታችሁ የግንቡን ጥግ ይዛችሁ ዉመን መድረስ ትችላላችሁ። በሰሜን በር ስትወጡ ፊት ለፊት ያለው የጂንግሻን ኮረብታ የማይታለፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1420 የተጠናቀቀው ቤተ መንግሥት እንዴት እንደተነደፈ የሚገባችሁ ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ነው።

ለታላቁ ግንብ ሙቲያንዩን ምረጡ፤ ከመሐል ከተማ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባዳሊንግ በፈጣን ባቡር ስለሚደረስ ይቀላል፣ ሕዝቡም በዚያው ልክ ነው። ሙቲያንዩ ላይ ሰው የሚሳሳተው መውጫውን ሲመርጥ ነው። ኬብል ካሩ 14ኛው ማማ ላይ ያወርዳል፤ ክፍቱ የወንበር ማንሻና ቁልቁል የሚንሸራተተው ጋሪ ደግሞ 6ኛው ማማ ላይ ናቸው። ድርጅቶቹ ስለሚለያዩ የአንዱ የመልስ ቲኬት በሌላው አይሠራም። ለጉልበታችሁ የሚበጀው በኬብል ካር መሄጃ ብቻ ቆርጦ 14 ላይ መውጣት፣ በአብዛኛው ቁልቁለት የሆነውን መንገድ ይዞ ወደ 6 በእግር መሄድ፣ ከዚያ በጋሪው መውረድ ነው። ሲዘንብ ጋሪው ይቆማል፤ የዕለቱን አየር ሳታዩ ቲኬቱን አትግዙ።

ለሺአን ከቤጂንግ ምዕራብ ጣቢያ ትነሳላችሁ፤ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። ቲኬቱ የሚሸጠው ከ15 ቀን በፊት ጀምሮ ሲሆን ፓስፖርቱ ራሱ ቲኬት ነው። አውቶማቲኩ በር የእናንተን ፓስፖርት ካላነበበ ሠራተኛ ወደቆመበት መተላለፊያ ሂዱ። በሩ ባቡሩ ከመነሳቱ ደቂቃዎች ቀድሞ ይዘጋል፣ ከዚያ በፊት ፍተሻ አለ፤ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ፍተሻው ላይ ቢላዋና ትልልቅ የሽቶና የፀጉር ስፕሬይ ይወሰዳሉ።

ሺአን ስትወርዱ ሰሜን ጣቢያ ናችሁ፤ የሜትሮ 2ኛ መስመር በቀጥታ ደቡብ በር፣ ዮንግኒንግመን ያደርሳል። የከተማው ቅጥር ዙሪያው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ላዩ ላይ ሁለት ሰው አብሮ የሚነዳው ብስክሌት ይከራያል። የሸክላው ሠራዊት (ከመጀመሪያው የቻይና ንጉሠ ነገሥት መቃብር አጠገብ የተቀበሩት የሸክላ ወታደሮች) ያለው ሊንቶንግ፣ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መግቢያው 120 ዩዋን ነው። ጣቢያ ደጃፍ ላይ «ሙዚየም» እያለ የሚጠራ ሹፌር የማስመሰያ ምስል ሱቅ ሊወስዳችሁ ይችላል። በጠዋት ግቡና 3ኛውንና 2ኛውን ጉድጓድ አይታችሁ 1ኛውን ለመጨረሻ አቆዩት፤ መጀመሪያ እሱን ያየ ሰው ሌሎቹ ባዶ ይሆኑበታል። ገበሬዎች የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ሠራዊቱን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ መቃብር ግን እስከ ዛሬ አልተከፈተም፣ የምታዩት ጉብታውን ብቻ ነው።

ምግብ ሺአን ላይ ለሙስሊም ወገኖች ቀላል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ742 ተመሠረተ በሚባለው ታላቁ መስጊድ ዙሪያ ያለው ሰፈር በአብዛኛው ሐላል ነው። ጿሚዎች ግን ተጠንቀቁ። የአትክልት ወጥ ብላችሁ ያዘዛችሁት በአሳማ ስብ ተጠብሶ ወይም የተፈጨ ሥጋ ተነስንሶበት ሊመጣ ይችላል። «ሥጋ፣ የእንስሳት ስብ፣ እንቁላልና ወተት የሌለው» የሚል የቻይንኛ ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ በቡድሃ ገዳማት አጠገብ ያሉ ምግብ ቤቶች ከሁሉ ይሻላሉ።

ሻንጋይ ብዙ ማቀድ አይፈልግም። በምሽት ባንድ የተባለው የወንዝ ዳር መብራቱን እዩ፣ እሱም 4 ሰዓት ላይ ይጠፋል። ለመሻገር በ2 ዩዋን የሕዝብ ጀልባ ሂዱ። እንግሊዝኛ ልለማመድ ብለው ቀርበው ሻይ ቤት የሚጋብዙ ወጣቶችን በፈገግታ እለፏቸው፤ ሒሳቡ ለእናንተ ነው የሚመጣው። ፎቶ አብረን እንነሳ የሚሉት ሌሎች ናቸው፤ በተለይ ጥቁር እንግዳ ሲያዩ ይበዛሉ፣ አብዛኛው የማወቅ ጉጉት ነው፣ ካልፈለጋችሁ እጅ አወዛውዞ መሄድ ነውር የለውም።

አሊፔይ የተባለው የስልክ መክፈያ መተግበሪያ ከመነሳታችሁ በፊት በየስልካችሁ ይጫን፣ ፓስፖርትና ካርድ ይያያዝበት። ሁለታችሁም፤ አንዱ ስልክ ባትሪ ሲጨርስ ሌላው ይከፍላል። ከ200 ዩዋን በታች በውጭ ካርድ ስትከፍሉ ተጨማሪ ክፍያ የለውም፣ ከዚያ በላይ 3 በመቶ ይቆረጣል። ጥቂት መቶ ዩዋን በዝርዝር ኖት ያዙ። ዋትሳፕ፣ ቴሌግራም፣ ጉግልና ዩቲዩብ በሆቴል ዋይፋይ አይከፈቱም፤ ከውጭ የተገዛ የሮሚንግ ኢሲም (ስልክ ላይ የሚጫን ዲጂታል ሲም) ግን ይከፍታቸዋል፣ ስለዚህ ገብታችሁ ሳይሆን ሳትገቡ ግዙት። የጉግል ካርታ ቻይና ውስጥ ቦታውን አዛብቶ ስለሚያሳይ የአገሩን አማፕ ተጠቀሙ። ከባቡር ይልቅ በአገር ውስጥ በረራ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የ3ሲ (CCC፣ የቻይና የደህንነት ማረጋገጫ) ምልክት የሌለበትን ፓወር ባንክ ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ ፍተሻው ላይ ይወስዱታል፤ ምልክቱ ከሌለው ቤት ተዉትና እዚያው ሌላ ግዙ።