ድንጋጤው ሙሉ በሙሉ ላልለቃችሁ ልጆቼ

ባሕር ዳር ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ ነው ያረጀሁት። ከእናንተ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «መቼ ነው እንደ ድሮዬ የምሆነው?»

ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይረጋጋል። ቅዠቱ፣ ብርገጋው፣ ያለፈው ነገር አሁን እየሆነ ያለ መምሰሉ ከአንድ ወር አልፎ ሥራና ትምህርት ካስተጓጎለ ግን ሕክምና ያሻዋል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ከክፉ ድንጋጤ በኋላ የሚመጣ ሕመም (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ PTSD) በ1980 እ.ኤ.አ. በአእምሮ ሕመሞች መዝገቡ አስፍሮታል። ወኔ ማጣትም የእምነት ጉድለትም አይደለም።

ታክሞም ርዝራዡ የሚቀርበት አለ። የምጽፈው በተለይ ለእሱ ነው።

ጣና ዳር ቡና የምታፈላ አንዲት ልጅ የቆርቆሮ በር ድው ባለ ቁጥር እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ የአስፋልቱን ዳር ተወች፤ ቀጥሎ ገበያውን፤ በመጨረሻ ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች። ሽሽት ለጊዜው ያሳርፋል፤ ሰውነት ግን «የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይማራል፣ ፍርሃቱም ይሰፋል። ስለዚህ ከባለሙያ ጋር ተመካክራ፣ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ከእህቷ ጋር ሐይቁ ዳር መቀመጥ ጀመረች። ልቧ እስኪረጋጋ አትነሳም። በሳምንቱ ወደ መንገዱ ትንሽ ትጠጋለች። ዛሬም በሩ ድው ሲል ትበረግጋለች። ጀበናዋን ታስቀምጣለች፣ እግሯን መሬት ላይ ጠበቅ አድርጋ ትረግጣለች፣ ቀኑንና ያለችበትን ቦታ ለራሷ ትናገራለች፣ ከዚያ ቡናዋን ትቀዳለች። እኔ ይህን መዳን እለዋለሁ።

አደጋው ገና ባላለፈበት ሰፈር መጠንቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያን በሽታ አትበሉት፣ ራሳችሁንም ለአደጋ አታጋልጡ።

አረቄ እንቅልፍ ያመጣ ይመስላል፣ ሌሊቱን ግን ያባብሰዋል። ጫትም እንቅልፍ ይነሳል። ጸበል የምትጠመቁም መድኃኒታችሁን አታቋርጡ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣባችሁ ሳታድሩ ለምታምኑት ሰው ንገሩና አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

አብራችሁ የምትኖሩ ደግሞ፣ የሚቃዠውን ሰው ይዛችሁ አትነቅንቁት። መብራት አብሩ፣ ራቅ ብላችሁ በስሙ ጥሩት፣ ሲነቃም ምን እንዳየ አትጠይቁት፤ ሊነግራችሁ ከፈለገ ራሱ ይጀምራል።