መልስ፦ የኪራዩ ማስታወሻ ለምን ይዘገያል?

ወንድሜ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ያለው ሱቅህ ኪራይ ወር በገባ በ1 ነው የሚከፈለው፤ ሥራ የምትመዘግብበት የስልክህ አፕ ቱዱኢስት ግን እየዘገየ ያስታውስሃል፣ የሮቶ እጥበቱም ጊዜው አልፎ ቀይ ሆኖ ይቀመጣል ብለሃል።

አፑ አልተበላሸም አቦ። የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ነው። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ስለዋለ «በየወሩ 11» ብለህ ሞልተኸዋል። ጥቅምት 1 ላይ ልክ ይመጣል። ኅዳር ላይ ግን በ2፣ የካቲት ላይ በ4፣ ነሐሴ ላይ በ5 ነው የሚደርስልህ። አከራይህ ደግሞ የሚመጡት በኛ አቆጣጠር ነው።

ወሩን ተወውና በእንግሊዝኛ «ኤቭሪ 30 ዴይስ» ብለህ ጻፍ። መነሻው የኛ ወር 1 የሚውልበት ቀን ይሁን። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ እስከ ነሐሴ ሳይዛነፍ ይሄዳል። ጳጉሜ ስትመጣ ይፋለሳል፤ መስከረም ሲጠባ መነሻውን እንደገና አስተካክል። በዓመት አንዴ ነው፣ አይከብድም።

ሮቶው ሌላ ነው። ኪራይ ብትዘገይም ቀኑ አይነቃነቅም። እጥበት ግን መቆጠር ያለበት ከታጠበበት ቀን ነው። በድሬ ውሃ ደግሞ ችላ አይባልም፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቀው የለ? እዚህ ላይ «ኤቭሪ» ከሚለው ቃል ጋር አጣብቀህ ቃለ አጋኖ (!) ጨምር፣ ቀጥለህ «3 መንዝስ» በል። ዘግይተህ ብታጥበውም 3 ወሩን ካጠብክበት ቀን ይጀምራል።

ደግሞ እባክህ፣ ቀን የማያስፈልገው ሥራ ላይ ቀን አትለጥፍ። መጋረጃ መግዛቱን በየቀኑ ወደ ነገ ከምታሻግረው ቀኑን አንሳለትና ዝርዝሩ ውስጥ ይቀመጥ።