ኳሷ ጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ ለምን ትበራለች?

«ሰላም ጋሼ። ፓይተን መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። የፓይተን የጌም መሥሪያ በሆነው በፓይጌም ሁለት መምቻና አንዲት ኳስ ያሏት ጌም ሠርቻለሁ። እኔ ላፕቶፕ ላይ ጥሩ ትጫወታለች። ጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ ስንከፍታት ግን ኳሷ ትበራለች፣ ዓይን እንኳ አይከተላትም። ጨዋታው ሲረዝም ደግሞ እኔም ጋ መምቻውን አልፋው ትሄዳለች። አንዳንዴ መምቻው ላይ ተጣብቃ ትንቀጠቀጣለች። ኮዱን ልኬልዎታለሁ። ሁሉንም ትቼ ዩኒቲ በሚባለው ሌላ የጌም መሥሪያ እንደ አዲስ ልጀምር?»

እህቴ፣ እባክሽ እንዳትተዪው። ኮድሽን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። በአራት ወር እዚህ መድረስሽ በጣም ደስ ይላል። ያስቸገሩሽ ነገሮች ሦስት ናቸው፣ የመጀመሪያዎቹ የሁለቱ መነሻ ግን አንድ ነው፤ ኳሷ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደምትራመድ አልተቆጣጠርሽም።

በኮድሽ ውስጥ በእያንዳንዱ ዙር፣ ማለትም ጌሙን የሚያስኬደው ሉፕ በተደገመ ቁጥር፣ ኳሷን 5 ፒክሰል ትገፊያታለሽ። ዙሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበት ግን የትም አልጻፍሽም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አቅሙ የፈቀደለትን ያህል ያዞረዋል። ያንቺ ላፕቶፕ በሰከንድ 60 ጊዜ ካዞረው ኳሷ 300 ፒክሰል ትሄዳለች። የጓደኛሽ 400 ጊዜ ካዞረው 2000 ፒክሰል ትሄዳለች። የስክሪንሽ ስፋት 800 ነው። እሷ ጋ ኳሷ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም።

ይሄ አንቺ ያመጣሽው ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለ ጌም የሠራው ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ነው። የዚያን ጊዜው ማሽን 55ቱን ጠላቶች ማንቀሳቀስ ይከብደው ነበር። ተጫዋቹ እየመታ ሲቀንሳቸው ሥራው ይቀልለታል፣ የቀሩትም ይፈጥናሉ። ኒሺካዶ ይሄ ጨዋታውን እንዳጣፈጠው አይቶ እንዲሁ ተወው። በኋላ ደግሞ የግል ኮምፒውተሮች ሲፈጥኑ ለአሮጌው ማሽን የተጻፉ ጌሞች መጫወት እስከማይቻል ድረስ ሮጡ። በዚያ ዘመን ብዙ ኮምፒውተሮች ፊት ላይ «ቱርቦ» የሚል ቁልፍ የነበረው አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። ስሙ ፍጥነትን ቢያመለክትም ሲያጠፉት ማሽኑን ያዘገይ ነበር።

አንቺ ቁልፍ አያስፈልግሽም። ኳሷን «በዙር 5 ፒክሰል» ማለቱን ተይና «በሰከንድ 300 ፒክሰል» በያት። ፓይጌም ውስጥ ክሎክ የሚባል ሰዓት አለ። ቲክ የምትባለውን ትእዛዝ 60 ሰጥተሽ በየዙሩ አንድ ጊዜ ጥሪያት። ዙሩ በሰከንድ ከ60 እንዳያልፍ ትይዝልሻለች። ከዚህም ሌላ ካለፈው ጥሪ ወዲህ ስንት ሚሊሰከንድ እንዳለፈ ትነግርሻለች። ብዙ ጀማሪ የመጀመሪያውን ይወስድና ሁለተኛውን ይጥለዋል። እንደዚያ ካደረግሽ የጓደኛሽ ኮምፒውተር ይስተካከላል፣ 60 መድረስ ያቃተው ደካማ ማሽን ላይ ግን ጌምሽ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ የመለሰችልሽን ቁጥር ያዢ፣ ለ1000 አካፍለሽ ወደ ሰከንድ ቀይሪው። ከዚያ፦

አዲስ ቦታ = የድሮ ቦታ + ፍጥነት × ያለፈው ሰከንድ

በቃ። መምቻዎቹንም በዚሁ መንገድ አንቀሳቅሺ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ፍዳዬን ያየሁበት ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። የኳስሽን ቦታ የያዝሽው ሬክት ውስጥ ነው፤ ፓይጌም የአንድን አራት ማዕዘን ቦታና መጠን የሚይዝበት ነገር ነው። ሬክት የሚይዘው ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፣ ከነጥብ በኋላ ያለውን ይቆርጠዋል። በሰከንድ 50 ፒክሰል የምትሄድ ነገር አለችሽ እንበል። በ60 ዙር ሲካፈል በአንድ ዙር 0.83 ፒክሰል ገደማ ነው። ነገሯ 100 ላይ ናት። ወደ ቀኝ ስትገፊያት 100.83 ትሆናለች፣ ሬክት ቆርጦ 100 ያደርጋታል። በሚቀጥለውም ዙር 100። ዓመት ብትገፊያት ንቅንቅ አትልም። ወደ ግራ ስትገፊያት ደግሞ 99.17 ትሆንና ተቆርጣ 99 ላይ ታርፋለች፤ ማለትም ሙሉ አንድ ፒክሰል ሄደች። ወደ ግራ የምትሮጥ፣ ወደ ቀኝ የምትገተር ጌም ይወጣልሻል፣ ኮዱ ላይ ግን ምንም ስህተት አይታይሽም። መፍትሔው ቀላል ነው። የኳሷን እውነተኛ ቦታ በሁለት ተራ ቫሪያብል፣ ከነነጥቡ ያዢ። ስሌቱን ሁሉ እዚያ ላይ ሥሪ። ሬክቱን ግጭት ለማየትና ለመሳል ስትፈልጊ ብቻ ከእነሱ ቅጂበት።

አሁን መምቻውን አልፋ ወደምትሄደው ኳስ እንምጣ። በተመታች ቁጥር ፍጥነቷ ላይ 1 ትጨምሪያለሽ። ኳሷ 10 ፒክሰል ስፋት አላት፣ መምቻውም 10 ውፍረት አለው። ኮምፒውተሩ ኳሷ ስትጓዝ አያያትም። የሚያያት ከተራመደች በኋላ ያረፈችበት ቦታ ላይ ነው። በአንድ ዙር ርምጃዋ 20 ሲደርስ ከመምቻው ፊት ተነስታ ከጀርባው ማረፍ ትችላለች፣ ሳትነካው። ከ5 ጀምረሽ በየምቱ 1 ስትጨምሪ 20 የምትደርሺው ከ15 ምት በኋላ ነው። «ጨዋታው ሲረዝም» ያልሽው ይሄ ነው።

ለፍጥነቷ ጣሪያ አብጂላት። በሰከንድ 900 ፒክሰል ለሰው ዓይንና እጅ ከበቂ በላይ ነው። ጣሪያው ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ ማሽኑ ለአፍታ ከተንገታገተ ያለፈው ሰከንድ ይተልቅና ኳሷ ትዘላለች። ዊንዶውስ ላይ የጌሙን መስኮት በማውስ ይዘሽ ብትጎትቺው ይሄ ሲሆን ታዪዋለሽ። ስለዚህ ያለፈው ሰከንድ ከ0.05 ከበለጠ 0.05 ነው ብለሽ ቁረጪው። ከዚያ የዙሩ ርምጃ ከ10 ፒክሰል ከበለጠ ከፋፍለሽ አራምጂያት። 45 ፒክሰል ከሆነ አምስት ጊዜ 9፣ 9 አድርጊና በእያንዳንዱ ርምጃ ግጭቱን እዪ። የሚጨመረው አንድ ትንሽ ሉፕ ነው።

የመጣበቁ ነገር ከዚህ ይቀላል። ግጭት ሲኖር ፍጥነቱን በ-1 ታበዢያለሽ። መምቻው ከላይ ወይም ከታች መጥቶ ኳሷን ውስጡ ቢያስቀራት፣ አንድ ርምጃ ላያስወጣት ይችላል። በሚቀጥለው ዙር አሁንም እንደተጋጩ ነው፣ እንደገና በ-1 ይባዛል፣ ወደ ውስጥ ትመለሳለች። የምታዪው መንቀጥቀጥ ይሄ ግራ መጋባቷ ነው። «ገልብጪ» አትበያት፣ አቅጣጫውን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያት። የግራው መምቻ ሲነካት ፍጥነቷ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይሁን፣ የቀኙ ሲነካት ሁልጊዜ ወደ ግራ። ይሄንንም ወደ መምቻው እየመጣች ከሆነ ብቻ አድርጊ፣ በዚያው ቅጽበትም ከመምቻው ጠርዝ ላይ አውጥተሽ አስቀምጫት።

ስለ ዩኒቲ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። ዩኒቲ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ አንድ ቀን ትደርሺበታለሽ። ግን እዚያም ኳስን በራስሽ ኮድ ስታንቀሳቅሺ ያለፈውን ጊዜ ማባዛት አለብሽ፣ ዴልታ ታይም ይሉታል። ጎዶት የሚባለው ሌላ የጌም መሥሪያም ዴልታ ብሎ በእጅሽ ይሰጥሻል። ዛሬ ሸሽተሽ ብትሄጂ ይሄው ችግር እዚያ ይጠብቅሻል፣ ያውም በብዙ መስኮትና ቁልፍ ተከብቦ። እዚህ ግን ጌምሽ ከ200 መስመር አይበልጥም፣ ሁሉንም ታውቂዋለሽ። ደግሞ የመረጥሽው ጨዋታ ትንሽ ነው ብለሽ እንዳታፍሪበት። ያንቺን የሚመስለው ፖንግ የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ1972 አታሪ በተባለው የጌም ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ ለመሐንዲሱ ለአለን አልኮርን የተሰጠው እንደ መለማመጃ ነበር።

እና ጨርሺያት። ነጥብ መቁጠሪያ፣ ድምፅ፣ «እንደገና ተጫወት» የሚል ቁልፍ ጨምሪባት። ከኳሷ የበለጠ የሚያስተምርሽ ይሄ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ትተው የሚሄዱትም እሱን ነው።

ኮዱን ስታስተካክዪ እንዲህ ፈትኚው። የኳሷን ፍጥነት ለጊዜው በሰከንድ 400 አድርጊ፣ በቀጥታ ወደ ጎን ብቻ ትሂድ፣ መምቻዎቹንም ከመንገዷ አርቂያቸው። ቲክ ላይ 30 ሰጥተሽ ከዳር እስከ ዳር የፈጀባትን ጊዜ በስልክሽ ሰዓት ለኪ። ቀጥሎ 60፣ ከዚያ 120 እያደረግሽ ድገሚው። ሦስቱም ላይ ሁለት ሰከንድ አካባቢ መሆን አለበት። አንዱ ከተለየ የሆነ ቦታ ላይ ያለፈውን ሰከንድ ሳታበዢ አልፈሻል ማለት ነው። ከተቸገርሽ ያንን መስመር ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።